«ደረሰኝ» ማለት የሚገባው ማን ነው?

ከጎንደር ተነሥቶ ወደ ዳባትና ወደ ደባርቅ የሚወጣውን መንገድ ይዞ የሄደ መንገደኛ ሁሉ የወገራን ደጋ፣ ያን የገብስና የባቄላ አገር፣ ብርዱ በጋቢ ላይ ጋቢ የሚያስደርበውን የአምባ ጊዮርጊስን ከተማ በእግሩ ረግጦ ወይም በመኪና መስኮት አይቶ ሳያልፍ አይቀርም። በዚችው ከተማ ባለፈው የገበያ ቀን፣ ገበያተኛው እህሉን ሸጦ፣ ጨውና በርበሬውን ገዝቶ ወደየቀዬው ከተበተነ በኋላ፣ ከእኅቴ ልጅ ጋር አንድ ጠላ ቤት ጎራ ብለን በእሳቱ ዳር ተቀምጠን ሳለን፣ ዕድሜው ከኀምሳ የሚያልፍ አንድ አዝማሪ መሰንቆውን በነጠላው ሸፍኖ ገባ፤ ቤቱን እጅ ነሥቶ ከመደቡ ጫፍ ላይ ዐረፍ ካለም በኋላ፣ ከኪሱ ቁራጭ ዕጣን አውጥቶ የደጋኑን ጭራ እስኪይዝለት ድረስ ደጋግሞ አሸው። ከተቀመጡት ሽማግሌዎች አንዱ «ተቀበል!» ብለው ስንኝ ሲሰጡት፣ እርሱ ስንኙን ከአፋቸው ተቀብሎ፣ ዜማ አልብሶ፣ ከራሱም ጨምሮ ሲመልሰው ቤቱ በእልልታ ተሞላ፤ የእኅቴም ልጅ ብድግ ብሎ አንድ የብር ኖት በግንባሩ ላይ ለጠፈለት።

ከዚህ በኋላ ልጁ ወደ አዝማሪው ቀረብ ብሎ «ድምፅዎን እኮ በስልኬ ሰምቼዋለሁ፤ በአንድ ሠርግ ላይ የተጫወቱት ነው» ቢለው፣ አዝማሪው መሰንቆውን በጉልበቱ ላይ አስተኝቶ «አዎን፣ ልጄ፤ እኔም ሰምቻለሁ። አዲስ አበባ ድረስ፣ ከባሕር ማዶም ድረስ ሰው ያደምጠዋል ይሉኛል። ማን እንደ ቀዳው፣ ማንስ እዚያ እንዳስገባው ግን አላውቅም፤ የደረሰኝም ነገር የለም» ሲል መለሰለት። ይህን የተናገረው በምሬት አልነበረም፤ ዝናም መዘግየቱን እንደሚያወራ ገበሬ በርጋታ ነበር፤ ነገር ግን ያ የመጨረሻ ቃሉ ከእኔ ጋር ወደ ቤት ገብቶ ከእኔው ጋር አደረ።

በማግሥቱም ጧት የእኅቴ ልጅ ስልኩን ይዞ ወደ ቤቴ መጣ። ልጁ መምህር ነው፤ ደመወዙ የሚታወቅ፣ ወጪውም የሚታወቅ ሰው ነው። ዘፈን በየወሩ እያስከፈሉ ከሚያስደምጡት ድርጅቶች መካከል ሦስቱን በስልኩ ላይ አስጭኗቸዋል፤ አንደኛው የአገር ውስጥ፣ ሁለተኛው የውጭ አገር ነው፣ ሦስተኛው ደግሞ ማስታወቂያ ለሚታገሥ በነፃ፣ ማስታወቂያውን ለማይፈልግ ግን በክፍያ የሚያስደምጥ ነው። «ጋሼ፣ ለሦስቱም ልክፈል ብል አቅም የለኝም፤ እርስዎ ቢሆኑ የቱን ይመርጡ ነበር?» አለኝ። ጓደኞቹ የሰጡት ምክር ሁሉ ተመሳሳይ ነበር፤ ይኸውም ዋጋው የረከሰውን፣ የዘፈኑም ብዛት የበለጠውን ያዝ የሚል ነው። ይህ ምክር ድንችና ሽንኩርት ለሚገዛ ሰው ይበቃው ይሆናል፤ የሰው ድምፅና የሰው ልብ የሚገኝበትን ነገር ለሚገዛ ሰው ግን የሚበቃ ሆኖ ስላልታየኝ፣ መልሱን ወዲያው ከመስጠት ይልቅ አስቤበት እንድጽፍለት ቀጠሮ ያዝሁ። ጥያቄው የእርሱ ብቻ ሳይሆን የብዙ ወጣት ጥያቄ መሆኑን ስላወቅሁም መልሱን በአደባባይ አወጣሁት።

አስቀድሜ ስለ አንድ ቃል ልናገር። ግብር ስንከፍል፣ ዕቃ ስንገዛ፣ በስልክም ገንዘብ ስናስተላልፍ የምንቀበለውን ማስረጃ «ደረሰኝ» ብለን እንጠራዋለን፤ ነገር ግን አባቶቻችን ይህን ቃል ለማን አፍ እንደ ሠሩት ብዙ ጊዜ አናስተውልም። ቃሉ የተቀባይ ቃል ነው፤ «የላክኸው ገንዘብ እኔ ዘንድ ደርሷል» ብሎ የሚመሰክር ሰው ቃል ነው። እንግዲህ ዘፈን ለመስማት በየወሩ የሚከፍል ሰው ከድርጅቱ ደረሰኝ ይቀበላል፤ በዚያች ደረሰኝ ላይ ግን «ደረሰኝ» የሚለው ድርጅቱ ነው፤ ዘፋኙ፣ ገጣሚው፣ መሰንቆ መቺው ገና አልተናገሩም። ከእነዚህ ድርጅቶች የቱን እንምረጥ ለሚለው ጥያቄ የእኔ መልስ በአንዲት መለኪያ ይጠቀለላል፤ ዘፋኙ «ደረሰኝ» ለማለት የሚችልበትን ምረጥ፤ ሌላው ሚዛን ሁሉ ከዚህ በኋላ ይመጣል።

ይህ መለኪያ በጎንደር ምድር እንግዳ ነገር አይደለም። ቅዱስ ያሬድ በስድስተኛው መቶ ዓመት የግዕዝን፣ የዕዝልንና የአራራይን ዜማ ለቤተ ክርስቲያን ከደረሰ ወዲህ፣ የዜማ ትምህርት በየደብሩ ተተክሎ፣ ዝማሬ መዋሥዕቱ በዙር አባ፣ ድጓው በቤተልሔም፣ አቋቋሙም በጎንደር በዓታ ሲመሰከር ኖሯል፤ የጎንደር ነገሥታትም አድባራትን ሲተክሉ ማኅሌቱ ያለ ካህን፣ ካህኑም ያለ መተዳደሪያ እንደማይቆም ስለሚያውቁ፣ ለደብተሮቹና ለቀሳውስቱ ሪም የሚባለውን መሬት ይሰጡ ነበር። እቴጌ ምንትዋብ በአሥራ ስምንተኛው መቶ ዓመት ደብረ ፀሐይ ቁስቋምን ባሠሩ ጊዜ አገልጋዮቿን በመሬት ማቋቋማቸው ለዚህ ምስክር ነው። ቅዱሱን ማኅሌት ከጠላ ቤት ዘፈን ጋር ማመሳሰሌ እንዳልሆነ አንባቢ ይረዳልኛል፤ ለማሳየት የፈለግሁት፣ አባቶቻችን ዜማ የሚወዱትን ያህል የዜማውን ባለቤት ጕሮሮ የሚደፍን ሥርዓት አብረው ማቆማቸውን ነው። በዓለማዊውም በኩል፣ ለጎንደር ከተማ ቅርብ የሆነችውን ቡርቧክስን የመሰሉ የአዝማሪ መንደሮች ልጆቻቸውን ከሕፃንነታቸው ጀምረው በመሰንቆ አሳድገው ለትዳርና ለኑሮ ያበቁት፣ አድማጩ በግንባር ላይ በሚለጥፈው ሽልማት ነው። በዚያ ሥርዓት ከአድማጩ እጅ እስከ ዘፋኙ ግንባር ያለው ርቀት አንድ ክንድ አይሞላም፤ በመካከሉም የሚቆም ሦስተኛ ሰው የለም።

ድምፅ ከባለቤቱ ተለይቶ መሄድ ሲጀምር ግን ያ ርቀት እየረዘመ መጣ። ነጋድራስ ተሰማ እሸቴ በ1900 ዓ.ም ገደማ በጀርመን አገር ድምፃቸውን በሸክላ ባስቀረጹ ጊዜ፣ ኢትዮጵያዊ ዘፈን ባለቤቱ በሌለበት ቤት ውስጥ ለመሰማት ቻለ። ከዚያም በ1927 ዓ.ም የተመሠረተው የሀገር ፍቅር ማኅበር ሸክላ የማሳተምን መብት ለብቻው ይዞ ሳለ፣ ዐምሐ እሸቴ የተባለው ወጣት ነጋዴ በ1961 ዓ.ም ያን ብቸኛ መብት ደፍሮ ዐምሐ ሪከርድስን አቋቁሞ የዓለማየሁ እሸቴን ዘፈን በውጭ አገር አሳትሞ አወጣ፤ የዘመኑም ዘፋኝ ከአንድ በር በቀር ሌላ በር እንዳለው ያን ጊዜ ዐወቀ። ቀጥሎ የመጣው ካሴት ዘፈንን እስከ ገጠር ጎጆ አደረሰው፤ ዳሩ ግን ብዙው ዘፋኝ ሥራውን ለሙዚቃ ቤት በቁርጥ ዋጋ አንድ ጊዜ ሸጦ ከዚያ በኋላ ካሴቱ ሺህም ይሸጥ መቶ ሺህ፣ ተመልካች ሆኖ ይቀር ነበር። ካሴቱ ለሲዲ፣ ሲዲው ለፍላሽና ለሚሞሪ ካርድ ቦታውን ሲለቅ ደግሞ ያችም የቁርጥ ዋጋ ጠፋች፤ በአምባ ጊዮርጊስም ሆነ በሌላው ከተማ ጥቂት ብር ከፍሎ አንድ ሚሞሪ ሙሉ ዘፈን ያስጫነ ሰው የከፈለው ለጫኙ እንጂ ለዘፋኙ አልነበረም። መንግሥት የቅጂና ተዛማጅ መብቶች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 410/1996ን ሲያወጣ፣ ኋላም በአዋጅ ቁጥር 872/2007 ሲያሻሽለው፣ ለደራሲው በሕይወቱ ዘመንና ከሞቱ በኋላ 50 ዓመት የሚቆይ መብት የተደነገገለት ቢሆንም፣ በየሱቁ የሚጫነውን ዘፈን ማን ይቈጥረዋል?

በስልክ የሚከፈልበት አገልግሎት ተስፋ ሆኖ የመጣው እንዲህ ባለው ጊዜ ነበር። በ2011 ዓ.ም ኤልያስ መልካ፣ ጆኒ ራጋና ኃይሌ ሩትስ ያሉበት የሙዚቃ ባለሙያዎች ስብስብ ከኢትዮ ቴሌኮም ጋር ተባብሮ አውታር የተባለውን መተግበሪያ ሲከፍት፣ ዘፈኑ በነጠላም በአልበምም እየተሸጠ ገንዘቡ ለባለሥራው እንዲደርስ ማሰቡ ነበር፤ ኤልያስም በ2012 ዓ.ም በመስከረም ወር ከዚህ ዓለም በሞት ሲለይ፣ ስለ ሙያ ባልደረቦቹ መብት የደከመበት ነገር ስሙን ከሚያስጠሩት ሥራዎቹ አንዱ ሆኖ ቀረ። ከእርሱም በኋላ በ2014 ዓ.ም ሰዋስው የተባለው ድርጅት መጥቶ፣ የባላገሩ አይዶል የዘፈን ውድድር አሸናፊ የነበረውን የዳዊት ጽጌን «የኔ ዜማ» የመሰሉትን አልበሞች ይዞ ወደ ገበያ ገባ። ስለዚህ ዛሬ አድማጩ የሚመርጠው ከብዙዎች መካከል ነው፤ ለመምረጥ ግን ገንዘቡ የሚሄድበትን መንገድ ማወቅ ያስፈልገዋል።

መንገዱም እንደሚከተለው ነው። በዓለም የታወቁት ታላላቅ ድርጅቶች፣ እነ ስፖቲፋይ፣ የወር ክፍያችንን ሁሉ በአንድ ጎተራ ይከቱታል፤ ከዚያም የራሳቸውን ድርሻ አንሥተው፣ የቀረውን፣ ማለት ከሦስት እጅ ሁለቱን የሚያህለውን፣ እያንዳንዱ ዘፈን በጠቅላላው በተደመጠበት ልክ ለባለመብቶች ያከፋፍሉታል። ይህ በመጀመሪያ ሲሰሙት ፍትሐዊ ይመስላል፤ ነገር ግን አንድ ምሳሌ እናንሣ። ሁለት ደንበኞች ብቻ አሉ እንበል፤ እያንዳንዳቸውም 100 ብር ከፈሉ። አንደኛው ሽማግሌ ናቸው፤ በወሩ ውስጥ አንድ የወገራ አዝማሪን 10 ጊዜ ብቻ አዳመጡ። ሁለተኛው ወጣት ነው፤ አንድ የከተማ ዘፋኝን ቀንና ሌሊት እያስጮኸ 990 ጊዜ አዳመጠ። ገንዘቡ በጎተራው ሥርዓት ሲከፋፈል፣ የድርጅቱን ድርሻ ለጊዜው ብንተወው፣ ከ200 ብሩ ለአዝማሪው የሚደርሰው 2 ብር ነው፤ ለከተማው ዘፋኝ ደግሞ 198 ብር። ሽማግሌው ከአዝማሪው በቀር ማንንም አልሰሙም፤ ከከፈሉት 100 ብር 98ቱ ግን ስሙን እንኳ ለማያውቁት ሰው ሄደ። በጠላ ቤቱ ሥርዓት እንዲህ ያለ ነገር ቢደረግ፣ ማለት በአዝማሪው ግንባር ላይ የለጠፍሁትን ብር ሌላ ሰው ነቅሎ በሚቀጥለው መንደር ብዙ ጭብጨባ ላገኘው ቢወስድለት፣ ቤቱ ሁሉ በተነሣበት ነበር።

ይህም ሳያንስ፣ ስፖቲፋይ ከ2024 እ.ኤ.አ. ጀምሮ በዓመት ውስጥ 1000 ጊዜ ያልተደመጠ ዘፈን ከዚያ ገንዘብ ምንም እንዳይደርሰው ደንግጓል። ለታላቅ ከተማ ዘፋኝ ሺህ ጊዜ መደመጥ የአንድ ሰዓት ነገር ነው፤ ለአንድ የደጋ አዝማሪ ግን፣ ቋንቋውንና ቅኔውን የሚረዱለት ሰዎች ቍጥር የተወሰነ ስለ ሆነ፣ ሺህ ብዙ ነው። ሌላም መንገድ መኖሩን ግን ማወቅ ይገባል፤ ሳውንድክላውድ የተባለው ድርጅት በ2021 እ.ኤ.አ. የእያንዳንዱን አድማጭ ገንዘብ ያ አድማጭ በእውነት ለሰማቸው ባለሙያዎች ብቻ የሚያካፍል ሥርዓት ጀምሯል። በምሳሌያችን ላይ ይህ ሥርዓት ቢሠራ የሽማግሌው 100 ብር ለአዝማሪው በሆነ ነበር። እንግዲህ ነገሩ የሚቻል መሆኑ ታይቷል፤ የማይደረገውም ጠያቂ ስለ ጠፋ ነው።

በሌላ ወገን የሚነሣውን ክርክር ሳልሰማ ላልፈው አልወድም። የውጭዎቹ ድርጅቶች በብዙ ሚሊዮን የሚቈጠሩ ዘፈኖች አሏቸው፤ መተግበሪያቸው አይንተፋተፍም፤ የልብህን ዐውቀው የሚቀጥለውን ዘፈን ያመጡልሃል፤ የእኛንም ዘፈን በዓለም ፊት ያቆሙት እነርሱ ናቸው የሚል አለ። ይህ ሁሉ እውነት ነው፤ ወጣት ሰው የዓለምን ዜማ ለማወቅ መፈለጉም የሚያስመሰግነው እንጂ የሚያስነቅፈው አይደለም። ነገር ግን አንድ ሰው በዕድሜው ሙሉ ሰምቶ የማይጨርሰው ብዛት የመምረጫ ምክንያት ሊሆን አይችልም፤ በጎተራ ውስጥ ያለ የእህል ብዛት ለበላተኛው የሚጠቅመው አንድ እንጀራ በልቶ እስኪጠግብ ድረስ ነውና። ልብን ዐውቆ ዘፈን ያመጣል የሚባለውም መሣሪያ፣ ብዙ ሰው የሰማውን መልሶ ለብዙ ሰው ስለሚያቀርብ፣ ገና ያልተሰማውን ያችን የመሰንቆ ድምፅ ወደ ፊት ለማውጣት ጕልበት የለውም። በነፃ ይሰማል የሚባለውም ቢሆን ነፃ አይደለም፤ ዋጋው ማስታወቂያ ስናይ የምናጠፋው ጊዜያችን ነው፤ በቴሌግራም የሚዘዋወረውን የተሰረቀ ቅጂ ዋጋ ደግሞ የሚከፍልልን ዘፋኙ ነው።

ሁለተኛው የምመዝንበት ነገር፣ መስመር ሲጠፋ ዘፈኑ ከእኛ ጋር መቅረቱ ነው። ከሐምሌ 2015 ዓ.ም መጨረሻ አንሥቶ በክልላችን በብዙው ስፍራ የሞባይል ኢንተርኔት ለረጅም ወራት ተቋርጦ መኖሩን ማንም አልረሳውም። በዚያ ወራት የወር ክፍያውን ከፍሎ የነበረ አንድ ወዳጄ፣ ዘፈኖቹን በስልኩ ላይ አውርዶ ስለ ነበር ጥቂት ሳምንት ሲሰማቸው ቆየና፣ አንድ ቀን መተግበሪያው «ክፍያህን ለማረጋገጥ ከኢንተርኔት ጋር ተገናኝ» ብሎ ሁሉንም ዘጋበት። ስልኩ በእጁ፣ ዘፈኑም በስልኩ ሆድ ውስጥ ነበር፤ ነገር ግን ሊሰማው አልቻለም። የወር ክፍያ ማለት ኪራይ ማለት መሆኑን ያን ቀን ተረዳው፤ ኪራዩ ሲቋረጥ ቤቱን ለቅቆ መውጣት ነው። በዚያው ዘመን አንድ የድሮ ካሴት የነበራቸው ጎረቤቴ ግን፣ ቴፓቸውን በባትሪ ድንጋይ እያሠሩ ያሻቸውን ይሰሙ ነበር። እንግዲህ ዘፈን በነጠላ ወይም በአልበም ተሸጦ ለዘለቄታ የሚሰጥበት አገልግሎት፣ ለእኛ አገር ሁኔታ ከኪራዩ ይበልጣል፤ ኪራይም ከሆነ ያለ መስመር ለስንት ቀን እንደሚያሰማ አስቀድሞ መጠየቅ ያስፈልጋል። የኢንተርኔቱንም ወጪ ከዋጋው ጋር መደመር ይገባል፤ በከፍተኛ ጥራት፣ በሰኮንድ 320 ኪሎቢት የሚመጣ የ5 ደቂቃ ዘፈን 12 ሜጋባይት ያህል ሲበላ፣ በ96 ኪሎቢት የሚመጣው 4 ሜጋባይት አይሞላም። አንድ ጊዜ በጥሩ ጥራት አውርዶ ማስቀመጥ፣ መቶ ጊዜ እየከፈሉ ከማስመጣት ይሻላል፤ የመሰንቆን ጭራ ሻካራ ድምፅ ለሚወድ ሰው ደግሞ ጥራቱ በጣም ሲቀንስ የሚጠፋው ቀድሞ ያ ሻካራነት ነው።

ሦስተኛ፣ የአከፋፈሉን ነገር እንይ። የውጭ አገር ድርጅቶች አብዛኛውን ጊዜ የሚቀበሉት በዓለም አቀፍ የባንክ ካርድ በውጭ ምንዛሪ ነው፤ በአምባ ጊዮርጊስ የሚኖር መምህር ወይም ነጋዴ እንዲህ ያለ ካርድ ስለሌለው፣ ውጭ አገር ያለ ዘመዱን ለማስቸገር ወይም ከማያውቀው ደላላ አካውንት ለመግዛት ይገደዳል። በሐምሌ 2016 ዓ.ም የብር ምንዛሪ በገበያ እንዲወሰን ከተደረገ በኋላም፣ 57 ብር ገደማ የነበረው አንድ ዶላር በጥቂት ወራት ውስጥ ከ100 ብር በላይ ስለ ወጣ፣ በዶላር የተቈረጠ የወር ክፍያ ደመወዝ ሳይጨምር በእጥፍ ሊጨምር እንደሚችል ሁሉም ዐይቷል። ከግንቦት 2013 ዓ.ም ጀምሮ በሥራ ላይ ያለው ቴሌብር ግን የገጠሩን ሰው ሳይቀር በስልኩ መክፈል አስተምሮታል፤ በብር ተተምኖ በቴሌብር የሚከፈልበት የአገር ውስጥ አገልግሎት፣ ክፍያውን ቀላል ከማድረጉም በላይ፣ ገንዘቡ ወደ ዘፋኙ ለመመለስ ሁለት ድንበር እንዳይሻገር ያደርገዋል።

አራተኛው ነገር ስም ነው፤ ይህን ከሁሉ በላይ ልብ ብዬ እናገረዋለሁ። በካሴት ዘመን አንድ ካሴት ሲገዛ፣ በሽፋኑ ላይ ዘፋኙ ብቻ ሳይሆን ግጥሙን የጻፈው፣ ዜማውን የደረሰው፣ ያቀናበረውም ሁሉ በስሙ ይጻፍ ነበር፤ እኛም በልጅነታችን ያችን የታጠፈች ወረቀት ዘርግተን እያነበብን፣ ከዘፋኙ በስተኋላ ስንት ሰው እንደ ቆመ ተምረንባታል። አሁን በስልኩ ላይ የሚታየው የዘፋኙ ፎቶግራፍና አንድ የተንሻፈፈ የላቲን ፊደል ስም ነው። አንዱን የጎንደር ዘፋኝ በሦስት ዐይነት የላቲን አጻጻፍ ሦስት ሰው አድርገው ያስቀመጡት አጋጥሞኛል፤ በአማርኛ ፊደል ስሙን ጽፌ ስፈልገው ግን ጭራሽ የለም ተባልሁ። ይህ የማዕረግ ጉዳይ ብቻ አይደለም፤ ስሙ በመዝገብ ያልተጻፈ ገጣሚ ገንዘቡም አይጻፍለትም፤ በሦስት ስም የተከፈለ ዘፋኝ ገንዘቡም በሦስት ተከፍሎ ሊባክን ይችላል፤ ያ በእሳቱ ዳር ያገኘነው አዝማሪ ደግሞ በቀዳው ሰው ስም ተመዝግቦ ከሆነ፣ ለድምፁ የሚከፈለው ሁሉ ለሌላ ሰው ይከፈላል። ስለዚህ አንድን አገልግሎት ለመመዘን የሚፈልግ ሰው፣ ሕዝባችን የሚወደውን አንድ የቆየ ዘፈን ከፍቶ፣ ገጣሚው፣ ዜማ ደራሲውና አቀናባሪው በገዛ ፊደላችን ተጽፈው እንደ ሆነ ይመልከት። ይህን ያልጻፈ ድርጅት የሒሳቡን መዝገብ በትክክል ይጽፋል ብዬ ለማመን እቸገራለሁ።

እንግዲህ ለእኅቴ ልጅ የምሰጠው ምክር ይህ ነው። የምትወደው ዘፋኝ አልበሙን በቀጥታ የሚሸጥበት አገልግሎት ካለ፣ አስቀድመህ ከዚያ ግዛ፤ የተገዛው ነገር ለአንተ ይቀራል፤ ለእርሱም በቁጥር የታወቀ ገንዘብ ይደርሰዋል። የወር ክፍያ የምትከፍል ከሆነ፣ ለሦስት ከፍለህ ደመወዝህን ከምትበትን፣ አንዱን የአገር ውስጥ አገልግሎት ያዝ፤ ያውም በብር የሚከፈልበትን፣ ያለ መስመር የሚሰማበትን፣ የባለሙያዎቹንም ስም አሟልቶ የጻፈውን። የዓለምን ሙዚቃ ለመማር የውጭውን መያዝ ካስፈለገህ፣ ለጥቂት ወር ይዘህ የፈለግኸውን ሰምተህ ተወው፤ የዘወትር ደንበኝነትህን ግን ለቤትህ አድርገው። አንድ ወር ከሞከርህ በኋላም ዘወትር የምትሰማቸውን አምስት ዘፋኞች ጽፈህ፣ «ከከፈልሁት ለእነዚህ ስንት ደረሰ?» ብለህ ድርጅቱን በጽሑፍ ጠይቅ፤ መልስ የሚሰጥህን ድርጅት አትልቀቀው፤ ዝም ያለህን በሚመጣው ወር ተወው። በጠላ ቤትም፣ በሠርግም፣ በጥምቀትም አዝማሪ ባገኘህ ጊዜ ግንባሩን አትርሳ፤ ስልክ የሚሰጠውን ሽልማት ስልክ ይስጠው፤ የእጅህን ሽልማት ግን የሚተካው የለም።

ለድርጅቶቹም የምለው አለኝ። የአገራችን አገልግሎቶች የውጭዎቹን በዘፈን ብዛት ሊያሸንፏቸው አይችሉም፤ ሊያሸንፏቸው የሚችሉት በታማኝነት ነው። የእያንዳንዱን ደንበኛ ገንዘብ እርሱ ለሰማው ባለሙያ ብቻ የሚያደርስ ሥርዓት ቢዘረጉ፣ በየሩብ ዓመቱም ስንት ብር ገብቶ ስንት ብር ለባለሙያዎች እንደ ወጣ በአማርኛ አትመው ቢያወጡ፣ በየአውራጃው ያለው አዝማሪ አማላጅ ሳይፈልግ በገዛ ስሙ የሚመዘገብበትን በር ቢከፍቱ፣ ከእኛ ከአድማጮች የሚጠይቁት ዋጋ ጥቂት ቢበዛ እንኳ በደስታ የምንከፍለው ነው። ሕግ አውጪውም አዋጁ የሰጠውን መብት በጋራ የሚያስተዳድሩትን ማኅበራት ማጠናከርና በስልክ የሚደመጠውን ዘፈን የሚቈጥር፣ የቈጠረውንም ለሕዝብ የሚያሳይ ሥርዓት እንዲኖር ማድረግ ይጠበቅበታል፤ ያልተቈጠረ መብት እንዳልታጨደ አዝመራ ነውና፤ በማሳው ላይ ቆሞ ሲታይ ያምራል፣ ጎተራ ግን አይገባም።

ይህን ጽሑፍ ወደ ጋዜጣው ከመላኬ በፊት ለእኅቴ ልጅ አነበብሁለት። እርሱም ጥቂት ዝም ብሎ ከቆየ በኋላ፣ የአገር ውስጡን ብቻ ይዞ ሁለቱን ለመተው መወሰኑን ነገረኝ፤ ከሚተርፈውም ገንዘብ ለአንድ ጉዳይ ማሰቡን ጨመረልኝ። በሚመጣው የገበያ ቀን ያን አዝማሪ ፈልጎ ስሙን፣ የአባቱን ስምና የትውልድ መንደሩን በወረቀት ጽፎ ይይዛል፤ ከዚያም ጎንደር ከተማ ወስዶ ድምፁን በደንብ አስቀርጾ፣ በሌላ ሰው ስም ሳይሆን በራሱ ስም፣ በራሱም የቴሌብር ቍጥር እንዲመዘገብ ያደርጋል። ሐሳቡ ከግቡ ሲደርስ፣ አዝማሪው ከመደቡ ጫፍ ላይ ተቀምጦ ስልኩን ወደ እሳቱ ብርሃን አስጠግቶ የመጣለትን መልእክት ሲያነብ እኔም በዚያ መገኘት እፈልጋለሁ፤ ያን ጊዜ፣ እንደዚያ ማታ በርጋታ፣ «ደረሰኝ» ሲል በጆሮዬ ልስማው።